የማርቲን ኬል ሦስተኛ ጥራዝ

ድሩሲላ ሃክስቢ የገዛ ልብ ወለዷን ለአጎቷ ጮክ ብላ ማንበብ የጀመረችው ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ የስካርዌልን ጣራ ያለ ፋታ በሚደበድብበት ሰሞን ነው። አጎቷ መጽሐፉን ማን እንደጻፈው አያውቅም። ማንም አያውቅም። ሽፋኑ ላይ የታተመው ስም «ማርቲን ኬል» ይላል፤ ማርቲን ኬል የሚባል ሰው ግን በእግዚአብሔር ምድር ላይ አልተፈጠረም። የተፈጠረችው ድሩሲላ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ሳታገባ የቀረች፣ የከተማው ሰው «የዶክተሩ የወንድም ልጅ» ከማለት ያለፈ ስም ያልሰጣት።

አጎቷ ዶክተር አምብሮስ ሃክስቢ ከእራት በኋላ እግሩን ወደ እሳቱ ዘርግቶ ማድመጥ ይወዳል። (ለእንዲህ ያለ ሰው አንቱታ ከአፌ አይወጣምና አንባቢ ይቅር ይበለኝ።) ራሱ አያነብም። ማንበብ የሴት ሥራ ነው፣ መፍረድ የወንድ ነው ይላል። ስለዚህ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይፈርዳል።

«እሰይ!» ይላል ጭኑን መታ አድርጎ። «ይሄ ኬል የሚሉት ሰው ዓለምን ያየ ነው። ሴት ብትጽፈው ኖሮ እስካሁን ሦስቴ አልቅሰን፣ ሁለቴ ራሳችንን ስተን ነበር።»

«አዎ፣ አጎቴ።»

«የተማረ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። አንቺ አትለዪውም፤ እኔ ግን እለየዋለሁ።»

«አዎ፣ አጎቴ» ትላለች፣ ገጹን እየገለጠች።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሳቅ ባፈነው ነበር። ድሩሲላን ግን ሳቅ አልጎበኛትም። መጽሐፉ ኦወን ብራክል የሚባል ወላጅ የሌለው ልጅ በሐኪም አጎቱ ቤት እንዴት እንዳደገ የሚተርክ ነው። በአንደኛውና በሁለተኛው ጥራዝ ያ አጎት ቀልደኛ ነው፣ ደግ ነው፣ ልጁ ጫማውን ሳይቀር ይወድለታል። ኦወን የምር የሚያድገው በሦስተኛው ጥራዝ ነው። የሚያሳድገውም አንድ ቀን በቤቱ ውስጥ ያየው ነገር ነው፤ አጎትየው ጤነኛ ሚስቱን በሁለት ሐኪሞች ፊርማ የእብዶች ቤት ሲያስገባት ያያል። ጥፋቷ ምንድን ነው ቢሉ፣ ቤቱ ከአባቷ የወረሰችው ነበር፣ እሷም «ለብቻዬ መኖር እፈልጋለሁ» ብላ ነበር። በቃ፣ ሌላ ጥፋት የለባትም።

ይህን ድሩሲላ ከራሷ አልፈጠረችውም። አክስቷ ሎይስ ከዚሁ ቤት፣ ከዚሁ በር ነው የወጣችው። ድሩሲላ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ጥር ነው፣ መንገዱ በረዶ ለብሷል፤ አጎቷ ሚስቱን «ባሕር ላሳይሽ፣ የሳር ባርኔጣሽን አድርጊ» አላት። ሎይስ ታርቀን ይሆናል ብላ ፊቷ በራ። ባርኔጣውን ከቁም ሳጥን ሮጣ ያመጣችውም፣ ሪባኑን ከአክስቷ አገጭ ሥር ያሰረችውም ድሩሲላ ነበረች፤ እየሳቀች። ሎይስ አልተመለሰችም። ስሟም ከዚያ ቤት እንደ መጥፎ ጥርስ ተነቀለ።

እንግዲህ ድሩሲላ መጽሐፉን የጻፈችው ለዚህ ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ልብ ያለው ሰው አንብቦት «ይህች ሴት ማን ናት? የት ናት?» ብሎ ቢጠይቅ ብላ። አጎቷ ቢያውቅ ምን እንደሚያደርጋትም ጠንቅቃ ታውቃለች። ሁለት ፊርማ ለማግኘት የሚቸገር ሰው አይደለም፤ አንዴ አግኝቷል።

መተማመኛዋ የስካርዌል መጽሐፍ ማከራያ ቤት ነበር። ያ ቤት ከእያንዳንዱ ልብ ወለድ አንድ ብቻ ነው የሚያስመጣው፤ ሦስቱ ጥራዞች በየተራ ከቤት ቤት ይዞራሉ። አንደኛው የአንዱ እሳት ዳር ሲሞቅ ሁለተኛው የሌላው ትራስ ሥር ያድራል። አጎቷ ሦስተኛው ጥራዝ እስኪደርሰው ዐቢይ ጾም ያልቃል። ከዚያ በፊት፣ ፀደይ ሲገባ ደግሞ እሷ ኤዲንብራ አንድ ቤተሰብ ዘንድ የልጆች አስተማሪ ሆና ልትሄድ ቃል ተቀብላለች። ከዚያ ወዲያ ያንብበው፣ ይንደደው፣ ይቃጠልበት! ሒሳቧ ይኸው ነበር።

ሂሶቹ ከለንደን መምጣት ጀመሩ። ሐያሲዎች ስማቸውን አይጽፉም፤ ድምፅ እንጂ ፊት የላቸውም። እነሱንም ለአጎቷ የምታነብለት ድሩሲላ ናት። ምን ያለ ፈተና ነው በሉ! ሰው ስለ ገዛ ልጁ የሚወራውን ሐሜት በገዛ አፉ እንዲያነብ ሲታዘዝ።

«ብርቱ ብዕር ነው» አለ የመጀመሪያው፤ «ብርቱ የወንድ ብዕር።»

«ሚስተር ኬል በፍርድ ቤት ጥብቅና ቆመው እንደሚያውቁ አንጠራጠርም» አለ ሁለተኛው።

«አላልኩሽም?» አለ አጎቷ። «አላልኩሽም የተማረ ሰው ነው ብዬ?»

ሦስተኛው ደግሞ እንዲህ አለ፦ «ጸሐፊው ሴት ናት የሚል ወሬ ደርሶናል። ይህን የሚሉ ሰዎች ወይ ሴት አይተው አያውቁም፣ ወይ መጽሐፉን አልገለጡትም።» ዶክተሩ እስኪያስለው ሳቀ። «ድገሚልኝ፣ ድገሚልኝ ያችን» አላት። ደገመችለት። ልቧ በደስታ ይዘላል፤ እዚያው ላይ ደግሞ ንዴቱ እንደ እሳት ይልሳታል። ተነስታ «እኔ ነኝ! እኔው ነኝ የጻፍኩት፣ አንተ የማትረባ!» ብላ መጮህ አማራት። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እሷም አፏን ዘግታ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አነሳች።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል ግን ያ ትልቁ መጽሔት መጣ፤ በዓመት አራት ጊዜ የሚወጣው፣ አንድን ደራሲ በአንድ ጽሑፍ የሚያነግሠው ወይም የሚቀብረው። ድሩሲላ እያነበበች ሳለ ዓይኗ ከአፏ ቀደመና ከታች ያለውን አየ። «ሦስተኛው ጥራዝ ግን የእንግሊዝን ሐኪም የሚያዋርድ ቅጥፈት ነው። ጤነኛ ሚስቱን እብድ ናት ብሎ የሚያስወስድ ሐኪም በዚህ አገር...» ይላል።

«ሦስተኛው ጥራዝ ግን...» አለችና ቆመች።

«ምን ሆነ? ለምን ቆምሽ?»

«...ትንሽ ይረዝማል» አለች።

አጎቷ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ይረዝማል? ይሄን ለማለት ነው ይሄን ሁሉ ገጽ የፈጀው?»

«ሐያሲ ነዋ፣ አጎቴ።»

ሳቀና ዓይኑን መልሶ ከደነ። በማግስቱ መጽሔቱን ወጥ ቤት ወስዳ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እዚያ ምድጃ ውስጥ የገባ ሌላም ብዙ ወረቀት አለ። አሳታሚው ለ«ሚስተር ኬል» ብሎ በፖስታ ቤት የላካቸውን ደብዳቤዎች አንብባ እንደጨረሰች ታቃጥላቸዋለች። ረቂቁንም አቃጥላለች። አሳታሚው ራሱ መልኳን አይቶ አያውቅም፤ እሱም ከሚስተር ኬል ጋር እንደሚጻጻፍ ነው የሚያምነው። ሁሉንም ያደረገችው ለጥንቃቄ ነው፣ ምስኪን።

አሁን ወደ ሚስስ ፔቲግሩ እንምጣ። ሚስስ ፔቲግሩ የደብሩ ቄስ ባለቤት ናት፤ ለስካርዌል ልጃገረዶች ምግባር ራሷን በራሷ ዘበኛ አድርጋ የሾመች ሴት። የማይሻር ደንብ አላት። ማንኛውም ልብ ወለድ ከሴት ልጆቿ እጅ ከመግባቱ በፊት እሷ ሦስተኛውን ጥራዝ መጀመሪያ ታነባለች። በሠርግ ካለቀ ይፈቀዳል። በሞት ካለቀ ማን እንደሞተና ለምን እንደሞተ ይጣራል። ማከራያ ቤቱም አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ሦስተኛውን ጥራዝ ጠቅልሎ ወደ ቄሱ ቤት መላክ ልማዱ ነው። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ድሩሲላም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ስንቴ ስቃበታለች! ያን ሁሉ ወር ስታሰላ፣ በየትኛው ሳምንት የትኛው ጥራዝ የት እንደሚደርስ ስትቆጥር ግን ሚስስ ፔቲግሩ አንዴም ትዝ አላለቻትም። ወይ ጉድ!

ጥር ላይ፣ ሻይ ሰዓት ነው የመጣችው፤ ጃንጥላዋን እያራገፈች፣ ገና ሳትቀመጥ ወሬዋን ጀመረች።

«ዶክተር! ይሄን ኦወን ብራክልን እያነበባችሁ ነው አሉ!»

«ድሩሲላ ታነብልኛለች። ሁለተኛው ላይ ነን።»

«እዚያው ላይ ቁሙ! ሦስተኛውን እንዳትነኩት። ትናንት ጨረስኩት፣ እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«በሞት አለቀ?»

«በሠርግ ነው እንጂ! ማለቁስ በሠርግ ነው፤ መንገዱ ነው እንጂ ክፉ። ያ አጎትየው፣ ያ ዶክተሩ፣ እርስዎን የመሰለ ጨዋ አድርጎ ሲያመጣው ከርሞ...»

«እኔን ከመሰለማ ጥሩ ሰው ነው» አለ ዶክተሩ፤ ሁለቱም ሳቁ።

«ሚስስ ፔቲግሩ፣ ኬኩን ይቅመሱት» አለች ድሩሲላ። ድምጿ ቀጭን ሆኖ ወጣ። «ዛሬ የተጋገረ ነው።»

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ፣ ኬክ የት ይሄዳል። ሚስቱን ምን እንዳደረጋት ልንገርዎት? በጥር፣ በረዶ ላይ፣ ባሕር ላሳይሽ ይላታል! እሷም ሞኟ አምናው የሳር ባርኔጣ ታደርጋለች። በጥር የሳር ባርኔጣ! ሕፃኑ ልጅ ደግሞ እየሳቀ ሪባኑን ከአገጯ ሥር ያስርላታል። እኔ እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ የት ወሰዳት ይመስልዎታል? እብዶች ቤት! ጤነኛዋን ሴት!»

የዶክተሩ ስኒ ወደ አፉ መንገድ ላይ ነበረ። እዚያው አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ወደ ድሩሲላ አልተመለከተም፤ እሷን ያርበደበዳትም ይህ ነው።

«ሪባኑ ምን ዓይነት ነበር ይላል?» አለ።

«ምን?»

«የሪባኑ ቀለም።»

«አረንጓዴ ይላል መሰለኝ። አዎ፣ አረንጓዴ። ምነው?»

«እንዲያው ነው። ሐኪም ዝርዝር ይወዳል።» ከዚያ ዞረ። ፈገግ ብሏል። «ሻይ ጨምሪልኝ፣ ልጄ» አላት።

በሕይወቷ «ልጄ» ብሏት አያውቅም። ድሩሲላ ክው አለች። ሻዩን ስትቀዳ ግማሹ የስኒው ማስቀመጫ ላይ ፈሰሰ፣ እሱም «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» አላት።

ቢጮህ ይሻል ነበር። ቢሳደብ፣ መጽሐፉን እሳት ውስጥ ቢወረውረው፣ «ውጪልኝ ከቤቴ» ቢላት እሰየው ነበር፤ ሻንጣዋን አንስታ ትወጣ ነበር። እሱ ግን እንደ ማር ጣፈጠ። ጥሩ እንቅልፍ ትተኛ እንደሆነ የወጥ ቤት ሠራተኛዋን ጠየቀ። መድኃኒት ቀማሚውን፣ ቄሱን፣ የባንኩን ሰው በየመንገዱ እያቆመ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አናገራቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስካርዌል ተለወጠባት። ሱቅ ስትገባ ሰዎቹ ቃላቸውን አንድ በአንድ እየለዩ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሚስስ ፔቲግሩ እጇን ጨብጣ «እኔም ልጅ ሳለሁ ንግሥት ነኝ እል ነበር፣ ዓለሜ፤ ያልፋል» አለቻት።

የክፍሏ ቁልፍ ጠፋ። ቀለሟና ብዕሯ «ለዓይንሽ ብዬ ነው» ተብሎ ተነሳ። ወደ ኤዲንብራ የጻፈችው ደብዳቤም መልስ አልመጣለትም፤ ከዚያ ቤት ደብዳቤ የሚወጣው ኮሪደር ላይ በተሰቀለ የሚቆለፍ ከረጢት ነው፣ የከረጢቱ ቁልፍ ደግሞ ከአጎቷ የሰዓት ሰንሰለት ጋር ይንቃጨላል።

አንድ ጠዋት አላስችል አላትና መድኃኒት ክፍሉ ገባች።

«አጎቴ፣ የሚሉኝ ነገር ካለ ፊት ለፊት ይንገሩኝ።»

«ምን እልሻለሁ፣ ልጄ?» ጠርሙስ እየወለወለ ነው። «ደራሲ ነኝ ብሎ ማሰብ ደስ ይላል፣ አይደል? ማን ይጠላል። ግን አስቢው እስቲ። የለንደን ሊቃውንት በሙሉ ጸሐፊው ወንድ ነው ብለዋል። የተማረ ወንድ። አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ?»

«ያውቃሉ እንጂ! እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ!»

«እኔ የማውቀው» አለ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን እያነሳ፣ «የሎይስም ሕመም እንዲሁ እንደጀመራት ነው።»

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስሟን በዚያ ቤት ሲጠራ የሰማችው ያን ቀን ነው። በሩን ይዛ ቆመች።

በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ከተማ አንድ ወጣት ሐኪም «ሳልሽን ልይልሽ» ብሎ መጣ። ሳል የለባትም። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ የንግሥቲቱ ስም ማን ነው፣ በሌላ ስም የሚጠራሽ ድምፅ ትሰሚያለሽ ወይ እያለ ጠየቃትና ሄደ። በማግስቱ የወጥ ቤቷ ሠራተኛ ጄማይማ፣ ድሩሲላን ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት አሮጊት፣ እጅጌዋን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«ስሚኝ ልጄ። ያ ልጅ እግር ፈርሟል። የቀረው አንድ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኦርመሮድ ይመጣሉ።»

«ሽማግሌው?»

«እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ። ሲጠይቁሽ ካጂ። ካጂ በቃ! ምንም አልጻፍኩም፣ ደብዳቤ እንኳ መጻፍ ይታክተኛል በያቸው። አንዲት ቃል ናት፤ ምን ይጎድልብሻል?»

«ጄማይማ፣ አክስቴን ታስታውሻታለሽ?»

አሮጊቷ ሽርጧን ወደ አፏ ወሰደች። «አታንሺብኝ። እባክሽ አታንሺብኝ። አንቺን እንኳ ላትርፍሽ።»

ለምን አልጠፋችም የሚል አይጠፋም። ወዴት? በዝናብ፣ ባዶ ኪሷን፣ ሴት ልጅ ብቻዋን፤ ቀጣዩ መንደር ሳትደርስ ይመልሷታል፣ ያኔ መጥፋቷም ሌላ የእብደት ምልክት ተብሎ ይጻፍባታል። ስለዚህ ፀጉሯን በደንብ አበጥራ፣ ንጹሕ አንገትጌ አድርጋ፣ «ምንም አልጻፍኩም» የምትለውን ቃል እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እያጠናች ጠበቀች።

ዶክተር ኦርመሮድ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ነጭ ሪዛቸው ደረታቸው ላይ ይወርዳል። ሕጉ ብቻቸውን እንዲያናግሯት ያዛልና አጎቷ በሩን ዘግቶ ወጣ። ጫማው ግን ከበሩ ወዲያ ሲጢጥ ይሰማል፤ ሩቅ አልሄደም።

«ነይ እስቲ፣ ወደ እሳቱ ጠጋ በይ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «መጽሐፍ ትወጃለሽ አለኝ አጎትሽ። የኔም ዓመል ነው። ባለቤቴ፣ በሽተኞችህን ለልብ ወለድ ትለውጣቸዋለህ ትለኛለች።»

ድሩሲላ ፈገግ አለች። ብዙ ሳምንት ፈገግታ ረስታ ነበር።

«ይሄን ኦወን ብራክልን አንብቤዋለሁ፤ ሦስቱንም። ሁለት ጊዜ!» ፊታቸው ጋለ። «እነዚያ የለንደን ሐያሲ ተብዬዎች ሦስተኛውን ጥራዝ መስደባቸው ያቃጥለኛል። ምኑን አንብበውት ነው? ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው እኮ! ያቺ ምስኪን ሴት! ይሄን የሚያህል ሽማግሌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ ብልሽ ታምኛለሽ?»

ሦስተኛውን ጥራዝ ሰው ሲያመሰግንላት የሰማችው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልቀፋቸው፣ እጃቸውን ልሳም አለች በልቧ።

«ሁለተኛው ሐኪምስ?» አለች። «ያ የፈረመው?»

«ያ ጅል!» ጉልበታቸውን በቡጢ መቱ። «እኔ ብሆን አስቀምጬ አናግራት ነበር። የምትለውን እሰማ ነበር፣ የጠየቀችውን እሰጥ ነበር። የሰውን ነፍስ በአንድ መስመር ይሸጧታል? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዲህ ያለው ጉድ ያለው በልብ ወለድ ብቻ ነው።»

ያ ያጠናችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረ። ማውጣት ብቻ ነው የቀራት። ግን ያ «በልብ ወለድ ብቻ» ያሉት ነገር አገዳት። አሁን ብትክድ ሎይስ የወረቀት ሴት ሆና ትቀራለች፤ ቄሱ ቤት የሚለቀስላት፣ ማንም የማይፈልጋት። ይህን ያህል ያዘነላት ሰው ደግሞ ይኸው ፊቷ ተቀምጧል። ሌላ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ታገኛለች?

«በልብ ወለድ ብቻ አይደለም» አለች። «ሴትየዋ አለች፣ ዶክተር። ሎይስ ሃክስቢ ትባላለች። ሪባኑን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። መጽሐፉን የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ዓይናቸው በሐዘን ሞላ፤ ይመጣል ብለው የፈሩት ነገር እንደመጣባቸው ሁሉ። ድሩሲላ ይህን ስታይ ተጣደፈች። ደብዳቤዎቹን እንዳቃጠለች፣ ረቂቁን እንዳቃጠለች፣ አሳታሚው እንኳ እንደማያውቃት ነገረቻቸው። የራሷን ቃል በራሷ ጆሮ ስትሰማው የእብድ ቃል ይመስላል። የሦስተኛውን ጥራዝ መግቢያ በቃሏ ትወርድላቸው ጀመር። ሽማግሌው በየዋህነት አብረዋት አሉ፤ እስከ መጨረሻው።

«እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ልጄ» አሏት። «ብዙ ሰው ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ወረቀት ይስጡኝ። አዲስ ነገር፣ አሁን እዚህ ፊትዎ ልጻፍ።»

አሰቡበት። «ተገቢ ነው» አሉና ከቦርሳቸው ወረቀት፣ ቀለምና ብዕር አወጡ።

ድሩሲላ ጻፈች። ጎልማሳው ኦወን አክስቱን ፍለጋ የእብዶቹ ቤት በር ላይ ሲቆም ጻፈች። ብዕር ከያዘች ሰንብታለች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ፣ ቀለሙ ተንጠባጠበ። ከበሩ ወዲያ ጫማው ሲጢጥ ይላል። ገጹ ሲሞላ ሰጠቻቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የምር ነው ያነበቡት፤ እንደ ሚዛናዊ ዳኛ፣ ወደ ኋላም እየተመለሱ። ድሩሲላ ፊታቸው ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች። የትኛውንም የለንደን ፍርድ እንዲህ ጠብቃ አታውቅም።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለዛ አለው፤ አልዋሽሽም። ግን ኬል አይደለም፣ ልጄ። ኬል ቃሉን እንደ አንጥረኛ ነው የሚቀጠቅጠው፣ አይለምንም። ይሄ ይለምናል፣ ይንቀጠቀጣል። የሴት እጅ ነው።»

«የሴት እጅ ነው!» ድሩሲላ ብድግ አለች። «እኮ! የሴት እጅ ነው!»

«እኔም እኮ ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉ በሐዘን።

ከዚያ የእብዶች ቤት ማስገቢያውን ቅጽ አወጡና እሷ የጻፈችበትን ያንኑ ብዕር ነክረው ጻፉ። ሲጽፉ አንዲት እንባ ከሪዛቸው ላይ ወረደች፤ ጠረጓት። ድሩሲላ ቆማ ታያለች። መጮህ እንደሌለባት ታውቃለች፤ ጩኸትም የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ አለ።

«ቤቱ ጥሩ ነው፣ አትፍሪ» አሉ የፊርማቸውን ቀለም በአሸዋ እያደረቁ። «አትክልት ቦታ አለው። አክስትሽንም እዚያ የላክኋት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«እኔና አንድ ሌላ ሰው፤ እሱ ሞቷል፣ ነፍሱን ይማረው። የእሷ ሕመምና የሰውየው መጽሐፍ በልብሽ ተቀላቅለውብሻል፤ ምን ይገርማል? በገና አይቻታለሁ፣ ጸጥ ብላለች። ያኔ እሷም ወረቀት ስጡኝ ብላ ለምናኝ ነበር። ቸኩዬ ነበርና አልሰጠኋትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።» ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው ይለምናታል። «ላንቺ ግን ሰጥቼሻለሁ። አይደል?»

«አዎ» አለች ድሩሲላ። «ሰጥተውኛል።»

ገጿን ከቅጹ ጋር አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አጎቷን ለመጥራት ወደ በሩ ሄዱ።